የሓዝሓዝ ወይራ

አሥመራ፣ የካቲት 28 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለየሺሀረግ፤

ጤንነትሽን የጠየቅሁ፣ ናፍቆቴንም የዘረዘርሁ አድርገሽ ቁጠሪልኝና ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ። እወ፣ አዎ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እወ፣ በኮሌጁ በር ላይ «አሥመራ በገባሁ በሳምንቱ እጽፍልሻለሁ» ብሎ የማለው ሰው እኔ ነኝ። «ሞተሃል ወይስ አግብተሃል?» ላልሽው ሁለቱም አይደለም። የችግኝ ጣቢያ ተመድቤ ውኃ ማጠጫ ሲሞላና ሲጎድል ሳይ ነው የከረምሁት፤ ይህን ልጽፍልሽ አፍሬ ነው። ይቅርታሽን አትንፈጊኝ።

አሁን ግን የምጽፈው አለኝ። የሺ፣ በሽታ አገኘሁ።

በከተማችን የተተከለው የፈረንጅ ጥድ እየሞተ ነው። በመጀመሪያ ከመካከል አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይገረጣል፤ ትንሽ ቆይቶ የዛገ ብረት ይመስላል። ከቅርንጫፉ ሥር ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ሙጫ ይወርዳል። የስንጥቁን ከንፈር በምላጭ ስትፍቂው ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሰ ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛለሽ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ልቤ ዘለለ። ፈንገስ ነው። ዛፍ ሲሞት የሚደሰት ምን ዓይነት ሰው ነው ትይኝ ይሆናል፤ ግን የተማርሁት ነገር ለአንድ ጉዳይ ሲፈለግ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጭንቁ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በሓዝሓዝ በኩል ከከተማው ሲወጣ በመንገዱ ዳር የታመሙ የፈረንጅ ጥዶች ተሰልፈዋል። ከጀርባቸው ሕዛእቲ አለ። ሕዛእቲ የምንለው መንደሩ ተስማምቶ ከመጥረቢያና ከከብት የዘጋውን መሬት ነው። በዚህኛው ውስጥ ያለው ወይራና የአገር ጥድ ከከተማው በዕድሜ ይበልጣል። የክፍላችን ሹም አቶ ባፈና የመንገዱ ዳር ጥዶች ከነሕዛእቲው ተቆርጠው እንዲቃጠሉ ወስነዋል፤ ለሐምሌ 16ቱ የጃንሆይ የልደት በዓል እንግዶች በዚያ ሲያልፉ የደረቀ ዛፍ እንዳያዩ፣ በሽታውም እንዳይዛመት። «ጌታዬ፣ ፈንገስ ዛፍ ይመርጣል፤ ወይራውን አይነካው ይሆናል» ብላቸው ወረቀታቸውን ሳይለቁ መለሱልኝ። «ይሆናል? ፈንጣጣ በገባበት ግቢ ውስጥ ይሄን ልጅ ይነካል፣ ያንን አይነካም እያልህ ታሳድራለህ?» ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከበላይ የሚመጣ ስልክ ነው የሚያስፈራቸው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ማስረጃ ካመጣሁ ሊያዩልኝ ቃል ገብተዋል።

እኔ ቤተ ሙከራ የለኝም፤ አንቺ ግን አለሽ። ከታመመው ግንድ የቆረጥሁትን ቅርፊት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ፈንገሱን አሳድጊና የፈረንጅ ጥድ፣ የአገር ጥድና የወይራ ችግኝ ክተቢልኝ። ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚተርፍ እንየው።

የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ጥቅሉን አሽትቶ «ምንድን ነው?» ቢለኝ «በሽታ» አልሁት። ማኅተሙን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ነው የመታልኝ።

ተኽኣ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 13 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለተኽኣ፤

ደኅና ነኝ። ጥቅልህም ደርሷል፤ ሽታው ግን ቀድሞት ነው የደረሰው። ለመሆኑ እርጥብ ቅርፊት በላስቲክ ጠቅልሎ አፉን በሻማ የሚያሽግ ምን ዓይነት ምሩቅ ነው? አልቦት፣ አረንጓዴ ለብሶ አገኘሁት። ያሳደግሁት የእንጀራ ሻጋታ ነው እንጂ ያንተ ፈንገስ አይደለም። ሳምንት ሙሉ አስደሰትኸኝና አበላሸኸው።

እንደገና ላክ፤ እንደ ሰው አድርገህ። ከታመመውና ከጤነኛው ቅርፊት ድንበር ላይ ቁረጥ፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ በጋዜጣ ጠቅልለህ በካርቶን አድርገው። አየር ያግኝ።

እኔ እስከዚያ ችግኝ እሰበስባለሁ። የፈረንጅ ጥዱ በየአጥሩ ሞልቷል። የአገር ጥዱን ከእንጦጦ አስመጣሁ። ወይራው ግን አስለቀሰኝ፤ ፍሬው ድንጋይ ስለሆነ ዘርቼው እስኪበቅል ያንተ ሐምሌ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ወፍ ከጣለችው ዘር የበቀለ ጥቂት ነቅለው ሰጡኝ። «ምን ልታደርጊበት ነው?» ቢሉኝ «በሽታ ልሰጠው» አልኋቸው። አንተ ነህ ያስተማርኸኝ። ሊነጥቁኝ ደርሰው ነበር።

ከጥቅሉ ጋር ባኖርኸው ካርድ ጀርባ ላይ ስለ አለቃዬ ፈቃድ የጻፍኸውን ጥያቄ አይቼዋለሁ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። ለጊዜው በመስተዋት ቤቱ ውስጥ አንድ ጥግ አለኝ፤ ከበሩ ሲታይ አይታይም።

አንድ ልመና አለኝ። ውጤት ሳይመጣ «ወይራው ተረፈ» ብለህ በከተማው እንዳትዞር። አውቅሃለሁ።

የሺሀረግ


አሥመራ፣ መጋቢት 30 ቀን 1959 ዓ.ም.

የሺ፣

እንዳልሽኝ አድርጌ፣ እንዳልሽኝ ቆርጬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ልኬያለሁ። ስለ ላስቲኩ ሁለተኛ ካላነሣሽብኝ እስከ ዕድሜ ልኬ አመሰግንሻለሁ።

«የመንደሩ ሰዎች ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ አልነገርኋቸውም ነበር። ነገሩ ሲጨራረስ በደስታ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ የዋህ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከመንገዱ ዳር ጥድ ላይ ቅርፊት ስፈቀፍቅ ከኋላዬ የዱላ ድምፅ ሰማሁ። የሕዛእቲው ጠባቂ ኣቦይ ኣስገዶም ናቸው፤ መንደሩ መርጦ ያቆማቸው፣ ፂማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሽማግሌ። በትግርኛ «ኣንታ ወዲ፣ የዛፍ ሐኪም አንተ ነህ?» አሉኝ። እወ አልሁ። «ሐኪም በሽተኛውን ያያል። ጎረቤቱን ለምን ትቀብራላችሁ?»

ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልሁም። ትእዛዙን፣ የአንቺን ችግኞች፣ የሰኔን መጨረሻ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ አንቺ ስነግራቸው «ጓል መን እያ?» ብለው የማን ልጅ እንደሆንሽ ጠየቁኝ። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት አልኋቸው። «እሷ ችግኝ በመስተዋት ቤት ትከትባለች፤ እኛ ደግሞ እዚህ እንጠብቃለን» አሉኝ። ቀጥለውም ሽማግሌዎቹ መክረው መጨረሳቸውን፣ የመጨረሻው ትእዛዝ ወረቀት እስኪመጣ ማንም ነገር እንደማያነሣ ነገሩኝ። «ወረቀቱ ክፉ ከሆነ ግን መጥረቢያ የያዘው ሰው ከወይራው በፊት እኛን ያገኛል።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

በዚህ ዓመት እምቢ ያለ መንደር የሽፍታ መንደር ተብሎ እንደሚጠራ አንቺም በጋዜጣ ታነቢያለሽ። ከመጥረቢያው በኋላ የሚመጣው ወታደር ነው። ስለዚህ ፍጠኚልኝ። ችግኝ በችኮላ እንደማይታመም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፍጠኚልኝ።

አንድ እንቆቅልሽ ደግሞ ያዢ። በከተማው አውቶቡስ ተሳፍሬ ከፌርማታ ፌርማታ እየወረድሁ የታመሙትን ዛፎች ሁሉ አየሁ። በጎዳይፍ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ጥቂት አሉ፤ በባቡር ጣቢያው ፊት ጥቂት አሉ፤ በሓዝሓዝ መንገድ ጥቂት አሉ። በመካከል ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ነፋስ ያመጣው ቢሆን በየመንገዱ ባንጠባጠበው ነበር። ይህ ፈንገስ በእግሩ ሄዶ፣ ቦታ መርጦ የተቀመጠ ይመስላል። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፤ ደስ ይላል።

ተኽኣ


አሥመራ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1959 ዓ.ም.

የሺ፣

እንኳን አደረሰሽ። በግህን ማን አረደልህ፣ ማን ቤት ፈሰክህ ያልሽውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እመልሳለሁ፤ የእንቆቅልሹም መልስ እዚያው ውስጥ ነው።

ፋሲካን ዓባ ሻውል ሰፈር እናቴ ቤት ነው የዋልሁት። የመንገዳችን ጠባብነት የጎረቤት ሳቅ በመስኮት የሚያስገባ ነው፤ ጎረቤታችን ኣያ ኣስመላሽ ግን በበር ነው የገባው። አናጢ ነው፤ ለበዓል በየአደባባዩ የሚቆመውን የጥድ ቅስት የሚሠራው እሱ ነው። ያለ እሱ አሥመራ እንግዳ አትቀበልም ይላል። ስዋ የምንለው ጠላ ሞቅ ሲያደርገው ያለፈውን ዓመት የሐምሌ ቅስት ማወደስ ጀመረ፤ ከከተማው ዳርቻ ከአንድ አሮጌ የጥድ አጥር ሁለት ማኪና ሙሉ ቅርንጫፍ ማስቆረጡን፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድበት ቅስቱ አንድ ቅጠል እንኳ አለመጣሉን። እጄ ላይ ሥጋ ነበር፤ አስቀመጥሁት።

«ጎዳይፍ ሠርተሃል?» አልሁት።

«ሠርቻለሁ።»

«ከባቡር ጣቢያው ፊት?»

«ከሁሉ ያማረው እሱ ነበር።»

«ሓዝሓዝ መንገድ ላይ?»

«ምነው፣ ልትሸልመኝ ነው?»

በምን እንደሚያስረው ጠየቅሁት። መንገዱ ዳር ካለው የቆመ ጥድ ላይ በሽቦ፤ ሽቦው እንዳይንሸራተት ደግሞ ግንዱ ላይ ምስማር ይመታል። አየሽው? ከታመመ አጥር የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ በጤነኛ ዛፍ ራስ ላይ ተሰቅሎ፣ የዝናቡ ነጠብጣብ የፈንገሱን ብናኝ እያጠበ በትክክል በምስማሩ ቁስል ውስጥ ያስገባዋል። አጥሩን በማግሥቱ ሄጄ አየሁት። ግማሹ ሞቷል፤ አጣና ተደርጎ ተወስዷል።

በፋሲካ ቀን መንገር አልነበረብኝም፤ አፌ አላስቻለኝም። ኣያ ኣስመላሽ ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገ። «እኔ ነኝ እንዴ የገደልኋቸው?» አለ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ኣይፋልን፣ አይደለህም፣ ማንም አላወቀም አልሁት። ሳይሰናበተን ወጣ።

በሪፖርቴ ላይ ልጽፈው ነው። ከሥዕል ጋር። ምን ትያለሽ?

ተኽኣ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለተኽኣ፤

በሦስት ደብዳቤ «እሺ? እሺ?» ብለኸኛል። እሺ፤ ተቀመጥና አንብብ።

ሁለተኛው ቅርፊትህ ንጹሕ ነበር፤ ፈንገሱ በሳምንቱ ወጣልኝ። ችግኞቹን በምላጭ ጫር አድርጌ ከተብኋቸው፤ ጎን ለጎን ደግሞ የተጫሩ ግን ያልተከተቡ አቆምሁ፤ ምላጩ ነው የገደላቸው እንዳይሉህ።

የፈረንጅ ጥዶቹ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ መገርጣት ያዙ። ዛሬ ከቁስላቸው በላይ ያለው ሁሉ ደርቋል፤ የነገርኸኝ ሙጫ፣ የነገርኸኝ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሁሉም አለ። ፈንገሱን መልሼ ከእነሱ አወጣሁት፤ ያው ራሱ ነው።

የአገር ጥዱ አስደነቀኝ። ታሟል። ቅርፊቱ ጠቁሮ ነበር፣ ሙጫም አንብቷል፤ ከዚያ ግን ከቁስሉ ዳርና ዳር አዲስ ሥጋ አብቅሎ እንደ ከንፈር ገጠመው። ዛሬ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው፤ ጫፉ እያቆጠቆጠ ነው።

ወይራው ደግሞ መከተቡንም የሰማ አይመስልም። ቁስሉ ደረቀ፣ ተዘጋ፣ አበቃ። ፈንገሱን ከውስጡ ፈልጌ አጣሁት። ፈንገስም እንደ ሰው ነው፣ የዘመዱን ቤት በር ያውቃል፤ ባዕድ ቤት ደጅ ቆሞ ይቀራል። ወይራም ቢሆን የራሱ በሽታ አይጠፋውም፤ ይህኛው ግን የእሱ አይደለም።

ስለ ቅስቱ የጠየቅኸኝን ሳስብበት ሰነበትሁ። እውነትህን ነው፤ ሌላ መልስ የለውም። ግን አንድ ቃል ከመጻፍህ በፊት ለማን እንደምትጽፍ አስብ። በልደት በዓል የተሠራ ቅስት በሽታ ዘራ ብሎ በማኅተም የሚወጣ ወረቀት ዛፍ ብቻ አይደለም የሚያስቆርጥ። መጀመሪያ በአፍህ ንገራቸው፤ ፊታቸውን እያየህ።

ውጤቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ማኅተም እንደሌለው አይቻለሁ። አትጠይቀኝ።

የሺሀረግ


አሥመራ፣ ሰኔ 3 ቀን 1959 ዓ.ም.

የሺ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከአቶ ባፈና ቢሮ ወጥቼ፣ ፊት ለፊት ባለው ሻሂ ቤት ተቀምጬ ነው። አሸንፈን ተሸነፍን።

ውጤትሽን መነጽራቸውን አድርገው ከራስ እስከ እግሩ አነበቡት። ስለ አገር ጥዱ ከንፈር የጻፍሽውን ደግመው አነበቡት፤ ጥሩ ነገር ሲያዩ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ቀጥዬ ስለ ቅስቱ እንዳልሽኝ በአፌ ነገርኋቸው። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ከእኔ ሌላ የሰማ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ ከዚህ በፊት ብለውኝ አያውቁም፣ «ይህን ጽፈህ እኔ ብፈርምበት እኔን ወደ አገሬ ይመልሱኛል። የአንተ አገር እዚሁ ነው፤ አንተን ወዴት ይመልሱሃል?»

ከዚያ ወደ ወይራው ተመለሱ። ወይራው አይታመምም? አይታመምም። አያስተላልፍም? ኣይፋል፣ አያስተላልፍም። ፊታቸው ሲበራ አየሁና እኔም በራሁ።

«እንግዲያው አይቆረጥም» አሉ። «የዘንድሮው ቅስት ከወይራ ይሠራል።»

የሺ፣ ደኅንነቱን አስመስክሬ ለጥፋት አጨሁት። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ለከተማው ቅስት ሁሉ የሚበቃ ቅርንጫፍ ከዚያ ሕዛእቲ ከተወሰደ የሚቀረው የቆመ ምሰሶ ነው። ይህንንም ትቼ፣ ሕዛእቲ ዝግ ነው፤ ኣቦይ ኣስገዶም አንዲት ለምለም አያስነኩም፤ የመንደሩን ሰው ከበዓል ቅስት ፊት ቆሞ እምቢ ሊያሰኙት ነው። ከበፊቱ የባሰ አደረግሁት። ነገርኋቸው፤ «ሌላ የማይታመም ዛፍ ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ በሰኔ 25 ቆራጮች እልካለሁ» አሉኝ።

ሌላ የማይታመም ዛፍ። በመስተዋት ቤትሽ ጥግ ሌላ ነገር አለ? ካለ በደብዳቤ አትመልሺ፤ ቴሌግራም አድርጊልኝ።

ተኽኣ


ቴሌግራም
ከአዲስ አበባ፣ ሰኔ 8 ቀን 1959 ዓ.ም.

ባሕር ዛፍም ተከትቦ ነበር። አልታመመም። ደብዳቤ ይከተላል። የሺ።


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ይድረስ ለተኽኣ፤

ቴሌግራሙን ስልክልህ አዲስ አበባ ሙሉ ባሕር ዛፍ እየተመለከተኝ ነበር። አንተ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው ያዘዝኸኝ። አራተኛውን እኔ ነኝ የጨመርሁ፤ ከመስተዋት ቤቱ ጀርባ የፈላ ስላለ። ያላሳወቅሁህ ችግኙ ቅርፊቱን ራሱ እየላጠ ስለሚጥል ነው፤ ቁስሉ መዳኑን ወይስ መላጡን መለየት አቅቶኝ ቆየሁ። አሁን ቆርጬ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ምንም የለበትም።

ስለ አለቃዬ የሸሸግሁህንም እነሆ። ፈቃድ አልነበረኝም። ባለፈው ሰኞ ጥጉን አገኙት። ቆመው ችግኞቹን አንድ በአንድ አዩ። ምን እንደሆነ አስረዳሁ። በደንብ ተቆጡኝ፤ የመንግሥት መስተዋት ቤት የግል ማድቤት አይደለም አሉኝ። ከዚያ የአገር ጥዱን አንሥተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ «ይህን ማን ነው የጠየቀሽ?» አሉ። ውጤቱ ከዚህ ጋር አለ፤ ዛሬ ማኅተም አለው።

አለቃህ ባሕር ዛፍ ማገዶ ነው ማለታቸው አይቀርም። ትልቁን ቅጠል አታሳያቸው። ከተቆረጠ ጉቶ ላይ የሚያቆጠቁጠው ሕፃኑ ቅጠል ክብ ነው፣ ብር ይመስላል። እሱን አሳያቸው።

የሺሀረግ


አሥመራ፣ ሰኔ 27 ቀን 1959 ዓ.ም.

የሺ፣

ቆራጮቹ አልሄዱም። ይህን ከሰላምታ በፊት የጻፍሁት እንዳትጨነቂ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ዓባ ሻውል ሮጬ ኣያ ኣስመላሽን አገኘሁት። ከፋሲካ ወዲህ ደጃችንን አይረግጥም ነበር። በሩን ሲከፍትልኝ ስድብ የጠበቀ ይመስላል። የፈለግሁትን ስነግረው መጀመሪያ ያለው «ቀላሚጦስ? በቀላሚጦስ ቅስት?» ነበር፤ ባሕር ዛፍን እንዲህ ነው የምንለው። ቀጥሎ ግን እጁ ከአፉ ቀድሞ እንጨት መለካት ጀመረ። በዛፍ ላይ አይታሰርም፣ ሽቦም ምስማርም ሕያው ግንድ አይነካም አልሁት። «እግር እሠራለታለሁ» አለ። አሸዋ በተሞላ አሮጌ በርሜል ውስጥ ሁለት ምሰሶ ተክሎ፣ ከጉቶ ላይ ያቆጠቆጠውን ብርማ ለምለም እንደ ሹሩባ ጎነጎነበት። ከቢሮአችን በር ፊት አቆምነው።

አቶ ባፈና ከማኪናቸው ሲወርዱ ካፊያ ነበር። ውኃው በቅጠሉ ላይ ሳይረጋ እንደ ባዘቃ ይንከባለላል፤ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ቆመው አዩት።

«ማገዶ ነው» አሉ።

«ወይራም ማገዶ ነው፣ ጌታዬ» አለ ኣያ ኣስመላሽ፤ ባርኔጣውን እንደያዘ።

ሳቅ አልሳቁም። በሥሩ አለፉ፤ ዞረው እንደገና አለፉ፤ አንዱን ምሰሶ በእጃቸው ገፉት፤ አልተነቃነቀም። ማኅተም ያለውን ወረቀትሽን ሰጠኋቸው፤ ቆመው አነበቡት። በዚህ መሐል አንድ ትልቅ ማኪና ከበሩ ላይ ቆመ፤ ውስጡ የአንድ የጦር መኰንን ባለቤት አሉ፣ ስማቸውን ልጽፍልሽ አልደፍርም። መስኮቱን ዝቅ አድርገው የማን ሠርግ እንደሆነ፣ ይህን የመሰለ ቅጠል ከየት እንደመጣ ጠየቁ።

አቶ ባፈና ኮታቸውን አስተካከሉ። «ለበዓሉ ሙከራ ነው፣ እመቤቴ። የኔ ሐሳብ ነው» አሉ።

ኣያ ኣስመላሽ ወደ ግድግዳው ዞሮ አሳለ። እኔ ግን፣ እመኚኝ፣ ልስማቸው ነበር የቃጣኝ።

ከሰዓት በኋላ መመሪያው ወጣ። የታመሙት የፈረንጅ ጥዶች ብቻ ተቆርጠው በቦታቸው ይቃጠላሉ። ሕዛእቲው አይነካም። ከእንግዲህ ቅስት ሁሉ ከባሕር ዛፍ፣ በራሱ እግር የሚቆም ይሆናል፤ ምክንያቱም «ለውበት ሲባል» ተብሏል። ስለ ፈንገስ አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ አንቺም፣ ስለ እኔም። ሦስቴ አገላብጬ ፈለግሁት። ስማችን ባይኖርበትም ሥራው ተሠርቷል፣ ያ ይበቃኛል ልልሽ እፈልጋለሁ። ትንሽ ግን ቆጨኝ። ላንቺ ካልዋሸሁ።

ተኽኣ


አሥመራ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1959 ዓ.ም.

የሺ፣

በዓሉ አለፈ። «ቅስትህ ቆመ ወይስ ወደቀ?» ላልሽው፣ ቆሟል፤ ሦስቱም ቆመዋል፤ ዝናቡም አልማረንም። እንግዶቹ በሥሩ ሲያልፉ አንገታቸውን እየመዘዙ ያሸቱ ነበር አሉ። እኔ አላየሁም፤ ከኋላ በርሜል ይዤ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ሊያነሡት ሲሄዱ ግን የሚነሣ ነገር አልነበረም። የዓባ ሻውል ሴቶች ሐምሌን ሙሉ የሚያስለውን ልጃቸውን ሊያጥኑበት ቅጠሉን እስከ ሽቦው ለቅመው ወስደውታል። ኣያ ኣስመላሽ ባዶውን ምሰሶ አቅፎ ሲሳደብ ደረስሁ። ቤት ስገባ እናቴ ራሷ ጋቢ ተከናንባ ከድስት ላይ አጎንብሳለች። «ለውበት ሲባል» አልኋት። አልገባትም፤ ሳቀች።

ኣያ ኣስመላሽ ደግሞ አንድ ነገር ነግሮኛል። ያለፈው ዓመት የተረፈው የጥድ ቅርንጫፍ በማኪና ከረን ሄዶ ነበር። ስለዚህ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከረን ነኝ። አቶ ባፈና የጉዞ ፈቃዴን ሳይጠይቁ ፈረሙ፤ «በአፍህ ነው የምትነግረኝ» አሉኝ፤ «በሩን ዘግተን።»

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ትናንት ሓዝሓዝ ሄድሁ። የታመሙት ጥዶች የነበሩበት ቦታ እርጥብ አመድ ነው። ይከልሉት የነበሩት ስለሌሉ ሕዛእቲው ከመንገዱ ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር፤ ነፋሱ የወይራውን ቅጠል ሲገለብጠው ጀርባው ወርቅማ ነው፤ እስከ ኮረብታው ድረስ እንደዚያ ነው። ይህን ሁሉ ወር ስለዚህ ደን ስጽፍ በወጉ አይቼው እንኳ አላውቅም ነበር።

ኣቦይ ኣስገዶም ከነዱላቸው መጡ። መመሪያውን በትግርኛ ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ትከሻዬን በትከሻቸው ሳሙኝ፤ «የቐንየልና ወደይ» ብለው አመሰገኑኝ፤ ለዚያች ለደብረ ብርሃኗ ልጅም እንደዚሁ በል አሉ። እኔ ከደስታዬ ብዛት የድንበሩን ድንጋይ ተሻግሬ የቅርቡን ወይራ ግንድ ልነካ እጄን ዘረጋሁ። ዱላቸው ደረቴ ላይ አረፈ።

«ወዴት?» አሉኝ።

«ልነካው ነው፣ ኣቦይ። ለእሱ ስል እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምሁት።»

«ደግ አደረግህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። ሕዛእቲ ግን ዝግ ነው፤ የሚከፈተው በመስከረም ነው።»

«ለእኔም?»

«ላንተም። ለአለቃህም። ለአለቃህ አለቃም።»

ቆሜ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ዱላውን ሳያነሡ ሳቁ። የሺ፣ ፊርማውን ሳይ አላመንሁም ነበር፤ ማኅተሙን ሳይም አላመንሁም። ያ ዱላ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ነው ወይራው ደኅና መሆኑን ያመንሁት።

የዓመት ፈቃድሽ መቼ እንደሆነ እስካሁን ጠይቄሽ አላውቅም። በመስከረም አድርጊውና ነይ፤ አብረን እንገባለን።

ተኽኣ